በመስኮት የታየ አማካይ

ስካርቮይ ደሴት፣ ሰሜን ኖርዌይ
ጥቅምት 20 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለኤንድሬ፤

ከባሕሩ ማዶ ሆነህ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከነፋሱና ከሲግሙን ምላስ በቀር የሚጎዳን ነገር የለም፤ ጌታ ይመስገን። አንተንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ፤ የእንግሊዞቹንም ምግብ ያስለምድህ።

የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ዝምድናችንም ቢሆን ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም፤ አያትህ ሃልቫር የአጎቴ ልጅ ነው፣ አንተ ደግሞ የሱ የልጅ ልጅ። ነገር ግን ከዚህ ደሴት አንድ ሰው ሊጽፍልህ ይገባል። ሃልቫር እንደሆነ ብዕር ከሚያነሳ መልሕቅ ቢያነሳ ይቀለዋል።

የሄድክ ቀን ወደ መርከቡ ሊሸኝህ ያልመጣው አሞት አይደለም። ከመረብ ማስቀመጫው ጀርባ እንጨት ሲፈልጥ ነበር፤ ያውም የተፈለጠ እንጨት። «ልጁ እኮ ሄደ» ብለው «ኳስ አይበላም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስምህን ሲጠራ አልሰማሁትም። እናትህ ከሞተች ጀምሮ በአንድ እጁ የጀልባውን መሪ፣ በአንድ እጁ አንተን ይዞ ነው ያሳደገህ። በክረምቱ የዓሣ ወቅት ሁለተኛ ሰው ትሆነኛለህ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ አሁን ብቻውን ይወጣል። ሲግሙንም እንደ ልማዱ በጀልባው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ የዓሣ ቦታውን ሊሰልል ይሞክራል። ያን ቦታ ሃልቫር ከአባቱ ነው የወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። ምልክቶቹን ከእሱና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

አጠፋህ አልልህም። እኔ ጠጠሩ ሜዳ ዳር ባለችው ኪዮስክ ዋፍል ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ኳስ የማውቀው ሰዉ ሲሸነፍ ብዙ ዋፍል እንደሚበላ ብቻ ነው። ግን ጻፍ። ለእኔ ጻፍ። ጮክ ብዬ ሳነበው ማን እንደሚሰማኝ የእኔ ጉዳይ ነው። ትበላለህ ወይ? ካልሲ ልኬልሃለሁ።

ቦርጊል


እንግሊዝ
ታኅሣሥ 11 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ቦርጊል፤

እንደምን ከርመዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ኪዮስክዎንም ከነፋሱ ይጠብቅልዎ። እኔ ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ። ካልሲው ደርሶኛል። የቡድኑ ልጆች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ሁሉም አውሰን እያሉ አስጨነቁኝ።

አክስቴ፣ እዚህ በታኅሣሥ ሣሩ አረንጓዴ ነው! የመጀመሪያው ቀን ማንም ሳያየኝ ተንበርክኬ ዳሰስኩት። እኛ በረዶውን በደቦ ጠርገን ከሥሩ የምናገኘው ጠጠር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ምን በጎ ሥራ ሠርተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ስታዲየሙ ሲሞላ ደግሞ ሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ይዘምራል። መቀመጫዬ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። አዎ፣ መቀመጫዬ፤ እስካሁን ተቀያሪ ነኝ።

አሰልጣኙ ባለፈው ሳምንት ልምምድ አስቁሞ «አንተ ልጅ፣ አንገትህን ምን ነካው? ኳሷ ሳትመጣ እንደ ጉጉት ግራ ቀኝ የምትዞረው ለምንድን ነው?» አለኝ። ከአያቴ ጀልባ የመጣ ነው አልኩት። ባሕር ላይ ውሃውን ብቻ ብታይ የት እንዳለህ አታውቅም። በአንዱ ትከሻህ ዞረህ የብስ ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶችን በአንድ መስመር ታጋጥማለህ፣ በሌላው ትከሻህ ዞረህ ሌላ ሁለት፤ ያኔ የት እንዳለህ ታውቃለህ። ዓሣው ከመጣ በኋላ ማየት ዋጋ የለውም አልኩት። በማግሥቱ አማካዮቹን ሁሉ አንገት ሲያስዞር ዋለ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የደረቀ ዓሣ ቢልኩልኝ። አያቴ ከሰቀሉት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ለእኔ ነው ብለው አይጠይቋቸው። ስለ እኔ ከጠየቁ ይንገሩኝ። ካልጠየቁም ይንገሩኝ። ከእሳቸው የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ምርቃት ባይሆን እንኳ።

ኤንድሬ


ስካርቮይ
ጥር 14 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለኤንድሬ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ አምላክ እግርህን ይጠብቅልህ፤ አሁን የአንተ ብቻ አይደለምና። ዓመት አልፎ ነው የምጽፍልህ። በመሀል የላክሁልህ ዓሣ እንደ ደብዳቤ ይቆጠርልኝ። አዎ፣ እሱ ከሰቀለው ነው። አልጠየቅሁትም፤ ከቆጡ ሳወርድ አየኝና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

አሁን ወሬ ስማ። ከገና በፊት ቋሚ ተሰላፊ ሆነህ በቅዳሜው የእንግሊዝ ጨዋታ በቴሌቪዥን ብቅ ስትል ደሴቱ ቀጥ አለ። አያትህ ቴሌቪዥን እንደሌለው ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ ጨዋታው ሊጀምር ሲል በሬን ያንኳኳል። «ለገንፎው ነው የመጣሁት» ይላል። የሩዝ ገንፎዬን ሠላሳ ዓመት ሲያማው የኖረ ሰው! ይገባና ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ይቀመጣል። ቀረፋውን ይነሰንሳል፣ ቅቤውን መሀሉ ላይ ያደርጋል፣ ውጭውን ያያል። ውጭው ደግሞ በዚህ ወር ከሰዓትም ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ካየን ከርመናል። ምን ያያል እያልኩ ስበሳጭ ከረምኩ።

ትናንት ማንኪያውን አስቀመጠና «ይሄ ልጅ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በግራ እግሩ የሚመታው? ቀኝ እግሩን ምን ሆነ?» አለኝ።

አንተ ከተወለድክ ጀምሮ ቀኝህ ነው። ግራ ገባኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየሁ። አንተ እዚያ ነበርክ፤ በጨለማው መስታወት ላይ፣ ከነሜዳው፣ ከነሕዝቡ፣ ግራና ቀኝህ ተገላብጦ። ይሄ ሁሉ ቅዳሜ ሲያይህ ነው የከረመው! ሽርጤን አፌ ውስጥ ጨምሬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ስመለስ «ገንፎው ምን አንሶታል?» አልኩት። «ጨው» አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ ሁለተኛ አልናገረውምና በደንብ አንብበው። ኳስ የሚያሳድድ ሰው አይቻለሁ፤ ኪዮስኬ ፊት ሲያሳድዱ ኖረዋል። አንተ ግን አታሳድድም። ሁሉም ሲሮጥ አንተ የቆምክ ትመስላለህ፤ ኳሷ መጥታ እግርህ ሥር ታርፋለች፣ ከዚያ ማንም ወዳላየው ባዶ ቦታ ትልካታለህ፣ ቦታው ላይ ሰው ሲደርስ ኳሷ ቀድማ ትጠብቀዋለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው። ፀጉሬ ይቆማል። በቃ።

ቦርጊል


እንግሊዝ
ጥር 30 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለአክስቴ ቦርጊል፤

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይለይ። ደብዳቤዎን መልበሻ ክፍል ውስጥ አነበብኩትና ፊቴን በፎጣ ሸፈንኩ። ልጆቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ያጽናኑኝ ጀመር።

ምንም አይበሏቸው። ቴሌቪዥኑንም ከቦታው እንዳያነሱ፤ መጋረጃውንም እንዳይዘጉ። እኔ ከልምምድ በኋላ ብቻዬን እየቀረሁ ግራ እግሬን ማለማመድ ጀምሬአለሁ። በእሳቸው መስኮት ቀኝ ይሆናል።

ኤንድሬ


ስካርቮይ
የካቲት 17 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.፣ እሑድ

ለኤንድሬ፤

ዛሬ ሰላምታም ምርቃትም የለኝም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያንተ ግን አገር እያየው ነው ያመለጠው። ትናንት ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኛው «ከኋላህ ያለውን ሰው ሳታይ እንዴት ታውቃለህ?» ቢልህ፣ እግዜር ሰጠኝ ብለህ አትተወውም? የአያትህን የዓሣ ቦታ በቴሌቪዥን ትዘረግፋለህ? «የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከትልቁ ተራራ ጫፍ ሲገጥም፣ በዚህ በኩል ደግሞ የመብራት ግንቡ ከጥቁሩ ገደል ሲገጥም ቦታዬ ላይ ነኝ» አልክ። እየሳቅህ ነበር የተናገርከው! በዚህ ደሴት ሰው የሚስቱን ምሥጢር ይነግራል እንጂ የዓሣ ቦታውን ለማን ይነግራል? ያውም በዚህ ወቅት፣ ዓሣው ደጃችን በገባበት ሳምንት!

ሃልቫር ማንኪያውን ጣለ። ባርኔጣውን አንሥቶ ገንፎውን ሳይጨርስ ወጣ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ፊቱ ከሰል መስሎ መጣ፤ ቄሱ ሰላም ሲለው እንኳ አልመለሰም። ሲግሙን ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መዝሙሩን እንደዚያ ሲያቀልጠው ሰምቼው አላውቅም። ነገ ማለዳ ሁሉም መረባቸውን ጭነው ሊወጡ ነው።

ያ ሰውዬ ሊታረቅህ አንድ ጉርሻ ገንፎ ነበር የቀረው። ከእንግዲህ እኔም የምለው የለኝም።

ቦርጊል


ስካርቮይ
የካቲት 19 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለኤንድሬ፣ ለዚያ የቀበሮ ዘር፤

እንደምን አለህልኝ? ዕድሜህ ይርዘም፣ ዘርህ ይብዛ፣ የእሑዱን ደብዳቤ ቅደደው። መርከቡ ይዞት ባይሄድ ኖሮ ራሴ እቀደው ነበር።

ትናንት ገና ጎሕ ሲቀድ ሲግሙን ከፊት፣ የቀሩት ከኋላ፣ ጀልባው ሁሉ ወጣ። የሃልቫር ጀልባ ብቻ እንደታሰረች ናት። እሱ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሄ ሽማግሌ ልቡ ሊቆም ነው ብዬ ካፖርቴን ደርቤ ሮጥኩ። «አይዞህ ሃልቫር» ብዬ እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ቀና ሲል እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ እየሳቀ ነው! ሲስቅ ካየሁት እናትህን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምልክቱ ቤተ ክርስቲያኑ አይደለም» አለኝ። «ከዚያ በላይ አልነግርሽም።»

ቅዳሜ ማንኪያውን የጣለው ሳቁ እንዳያመልጠው ነበር። ፊቱን አጥቁሮ ደሴቱን የዞረውም፣ ቄሱን የዘጋውም ሰዉ ሁሉ እንዲያምን ነው። «ልጁ አቀበለኝ» አለ። «ምን ላድርግ? ተቀበልኩት።»

ኤንድሬ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብዙ አይቻለሁ። ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያልተነጋገሩ ሰዎች፣ በመሀላቸው ያ ሁሉ ባሕር እያለ፣ አንዱ በዓይኑ ብቻ ጠቅሶ ሌላው ሲቀበለው አላየሁም። ገረመኝ።

አንተ የጠቆምክበት ቦታ ከሥሩ ቋጥኝ ብቻ ነው። የሁሉም መረብ ተያዘ። እኩለ ቀን ላይ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ማንም አፉን አልከፈተም። ቢናገር የሰው ቦታ ሊወስድ መሄዱን ማመኑ ነዋ! ከሰዓት ሃልቫር ሜንጦውን ይዞ ወጣና ሳይጠሩት የሲግሙንን መረብ ከድንጋዩ አላቀቀለት። ሲግሙን ወዲያ እያየ «አመሰግናለሁ» አለ። ሃልቫርም «ባሕሩ ሰፊ ነው» አለው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ የቅዳሜውን ገንፎ አሙቂልኝ አለ።

ቦርጊል


እንግሊዝ
መጋቢት 6 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለአክስቴ ቦርጊል፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ የኋለኛውን ቀድሜ ስለከፈትኩት ተረፍኩ። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ ሲግሙን ከሳሎኑ ወንበር ላይ ሲነሣ ታየኝ። የትኛው ምልክት ውሸት እንደሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሊቀበለኝ መፈለጉን ግን አላውቅም ነበር።

ሌላም ወሬ አለኝ። ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቻለሁ። በሰኔ መጀመሪያ ኦስሎ ላይ ነው። ለሁለታችሁ ቦታ አስይዣለሁ። ለአያቴ… እርስዎ የሚሉትን ያውቃሉ።

ኤንድሬ


ስካርቮይ
ሰኔ 9 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለኤንድሬ፤

ጌታ ለዚህ ያበቃህ ይክበር ይመስገን። ኦስሎ ባለመምጣታችን አትቀየም። እኔን ጉልበቴ፣ እሱን ግትርነቱ አስቀረን፤ «ጀልባዋን ቀለም መቀባት አለብኝ» ብሎ ድርቅ አለ።

ደሴቱ በሙሉ ማኅበር ቤቱ ገብቶ ነው ያየህ። ፀሐይዋ በዚህ ሰሞን አትጠልቅም፤ መጋረጃውን ብርድ ልብስ ደርበንበት ነው ያጨለምነው። ሃልቫር ገንፎ የሚባል ሰበብ አልነበረውም። በሩ ላይ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ ቆመ።

ማሊያውን ለብሰህ ስትወጣ እኔ አለቀስኩ፤ ልደብቅህም አልችል። ያ ትልቅ አገር እኮ ነው ከፊታችሁ የቆመው! መጨረሻው አካባቢ ኳሷ አንተ ጋ ስትመጣ አንዴ ወደ ግራ አየህ። የእነሱ ሰዎች በሙሉ ወደ ግራ ሄዱ። ኳሷ በቀኝ ሄደች፣ ጎልም ሆነች። ወዲያው ከመሀላችን ሲግሙን «ይቺን እንኳ እኔም አውቃታለሁ» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ መረቡ ያን ዕለት ገና ከድንጋዩ የወጣ ይመስል።

ሲወጣ ሰዉ ሁሉ «ክፉ አይደለም» ይል ነበር። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምስጋና የሚባለው ለቀብር ነው። አያትህ ግን እሱንም አላለም። ወደ ጀልባው ተመልሶ የቀባውን ደግሞ ሲቀባ አመሸ። ውሸት ልጽፍልህ አልፈልግም፤ ያቺ የምትጠብቃት ቃል አልወጣችም።

ቦርጊል


እንግሊዝ
የካቲት 22 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለአክስቴ ቦርጊል፤

እንደምን ከርመዋል? ለመጻፍ የዘገየሁት ደኅና ነኝ የምልበት ቀን እየጠበቅሁ ነው። ያ ቀን አልመጣም።

የጉልበቴ ነገር አልቋል። ሁለተኛው ቀዶ ጥገናም አልያዘም፤ ሐኪሙ ከቀጠልኩ በእርጅናዬ ደረጃ መውጣት እንደማልችል ነግሮኛል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ማየቱ እንዳለ ነው፤ አሁንም ሁሉም ይታየኛል፤ እግሬ ግን እዚያ አያደርሰኝም። ክለቡ መጋቢት 19 ቀን በሜዳችን ለመጨረሻ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሊያስገባኝ ፈቅዷል።

ምንም አይላኩልኝ። ለአያቴም ሲያነቡላቸው ጉልበቴን የምትለዋን ይዝለሏት።

ኤንድሬ


ስካርቮይ
መጋቢት 16 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለኤንድሬ፤

አምላክ ያጽናህ ልጄ። ጉልበትህን የምትለዋን አልዘለልኩም፤ ልዝለልም ብል እንባዬ ይነግርብኝ ነበር። ሃልቫር ሰምቶ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

አሁን ግን ጭንቅ ላይ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ የለም! የዓሣው ወቅት በደራበት ጊዜ ጀልባዋን የብስ ላይ ጎትቶ አውጥቷታል። ቤቱ ተቆልፏል። ሲግሙን የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ መርከብ ሲሳፈር አየሁት ይላል። ይሄ ሰውዬ ከቡዶ ከተማ አልፎ አያውቅም፤ ከራሳችን ቋንቋ በቀር አንድ ቃል አያውቅም፤ በዓሣው ወቅት መሬት ላይ ያደረው ሚስቱና ልጁ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው። ወሬው ከደረሰህ ቶሎ አሳውቀኝ።

ቦርጊል


እንግሊዝ
መጋቢት 20 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለአክስቴ ቦርጊል፤

አይጨነቁ። እኔ ጋ ናቸው። አሁን ይህን ስጽፍ አልጋዬ ላይ ተኝተው ያንኮራፋሉ፤ ሱፋቸውን በሩ ላይ ሰቅለውታል፣ ክፍሉ በሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ትናንት መምጣታቸውን ሳላውቅ ነበር የገባሁት። ሠላሳ ሺህ ሰው ተነሥቶ ስሜን ሲጠራ ጉልበቴን ረሳሁት። ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ግን ሁሉ ነገር ታየኝ አክስቴ፣ የሚመጣው፣ የሚሄደው፣ ባዶው ቦታ። አንድ ኳስ በግራ እግሬ አሳለፍኩ፣ ጎል ሆነች። ፊሽካው ሲነፋ ሣሩ ላይ ተቀምጬ መነሣት አቃተኝ።

ስወጣ አያቴ በተጫዋቾች መግቢያ፣ በዘበኛው ክፍል፣ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አላቀፉኝም። «ጉልበትህን አሳየኝ» አሉኝ። እንደ ገመድ ቋጠሮ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ርቦኛል» አሉ። ቤት ወስጄ አበላኋቸው፣ ስለ ባቡሩ መቀመጫ ጥበት ነገሩኝ፣ ተኙ። መጡ እኮ፣ ይበቃኛል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ብዬ ራሴን ስገሥጽ አደርኩ።

ዛሬ ጧት ጫማዬን ልወስድ ወደ ስታዲየሙ ሄድኩ። ዘበኛው ዋልተር አስቆመኝ። «ያ ሽማግሌ ትኬት አልነበረውም» አለኝ። «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የተጫዋች ወንድም ነኝ፣ አጎት ነኝ የሚል ስንቱን እመልሳለሁ መሰለህ። እሱን ማን ነህ ብለው አልገባውም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቡድኑ ፎቶ ሄደ። ጣቱን ያንተ ፊት ላይ አደረገ። ቀጥሎ በመዳፉ የገዛ ደረቱን መታና አንዲት ቃል ተናገረ። ደጋግሞ፣ እየጮኸ ነው የተናገራት፤ ዓይኑን አይቼ ልመልሰው አልቻልኩም፣ ሜዳው አፍ ድረስ ወስጄ አቆምኩት። እስከ መጨረሻው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነው ያየህ።»

ቃሏ ምን ነበረች አልኩት። ዋልተር እንደሰማት አድርጎ ለማለት ሞከረ፤ «ሚን» አለ። «ሚን፣ ሚን፣ እያለ። ምን ማለት ነው?»

ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞርኩ።

«የኔ ማለት ነው» አልኩት።

ኤንድሬ